ኑሪ የሰማት መኪና

ሸቤ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሳቢሃ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። አንቺ፣ ባጃጅሽ፣ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የምታደርሻቸው አምስቱ ሕፃናት እንዴት ናችሁ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አክስትሽ ፈድሊያ ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላትን ጫማ አድርጋ ሸቤን በሙሉ ዞራ ጨርሳለች። ለመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሳልመልስ ኩመራ ሚኒባሱን ደጄ አቁሞ ሁለተኛውን ሲሰጠኝ አፈርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

መጥተው ልገዛት ያሰብኳትን መኪና ሞተር ይስሙልኝ ያልሽው ግን አይሆንልኝም። ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚ ጠፍቷል፣ ጉልበቴም ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፎ መቀመጥ እምቢ ብሏል። ጋራዡን ዘግተው ከሄዱ ወዲህ ጅማን ጠሏት ወይ ላልሽው፣ ሠላሳ ዓመት የሠራሁባትን ከተማ ምን ብዬ እጠላታለሁ? አልመቸኝም፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ምክር ግን አልነፍግሽም። አዲስ መኪና በሚገዛ ሰው ስሳለቅ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ያገለገለ መኪና አመሉ የታወቀ ነው፣ የት እንደሚያመው ባለቤቱ ደብቆ ቢሸጥልሽም ሞተሩ ራሱ ይናገራል፤ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ላደረገ ሰው የሚደበቅ ነገር የለም እል ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ያገለገለውን ተይውና አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ግዢ። ዘይት አይለወጥለት፣ ቺንጊያው አይበጠስ፣ ለነዳጅ ሰልፍ አያሰልፍሽ። የሚሰማ ሞተር ስለሌለው የሚሰማልሽ ሰውም አያስፈልግሽ። ሕፃናቱን ዝናብ እንዳይመታቸው ነው መኪና የፈለግሽው፤ እሱም ጣሪያ አለው።

ስልክ አላነሱም ላልሽው የሸቤ ኔትወርክ ልማዱ ነው። ደብዳቤ ይሻለኛል፣ መሃል ላይ አይቋረጥም። ልታዪያት የሄድሽው መኪና የማን እንደሆነች ግን ሳትጽፊልኝ ቀረሽ።

አጎትሽ ኑሪ


ጅማ፣ ጊንጆ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ጉልበትዎን አላህ ያሽርልዎት። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ መጀመሪያ የእርስዎ አልመሰለኝም ነበር። መሳይ ኤሌክትሪክ መኪናውን ገዝቶ ላቫጆው ጋ ያመጣት ቀን ዞር ዞር ብለው አይተው “ይቺ መኪና አይደለችም፣ ጎማ ያላት ስልክ ናት” ያሉት ማን ነበር? ምስኪን መሳይ፣ ቢሮው ውስጥ ኃላፊ ነው፤ ላቫጆ ላይ ግን እስከ ዛሬ ባለስልኩ ነው የሚባለው።

ምክርዎን ስነግራቸው ላቫጆው ተናጋ። መኪና ለማሳጠብ የመጣው ሁሉ እጥበቱን ረስቶ ክርክር ገባ። መሳይ ደስታውን አልቻለውም፤ ለነዳጅ ከተሰለፈ ዓመት እንዳለፈው፣ እጁን ዘይት ነክቶት እንደማያውቅ፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ እንደሚተኙለት ደጋግሞ አወራን። መካኒኩ ኢርፋን ደግሞ ዝናብ ጥሎ መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ በምን ልትሞላት ነው፣ ባትሪዋ ያረጀ ቀንስ ጅማ ውስጥ ማን ይከፍታታል፣ ልሽጥ ብትልስ ማን ይገዛሃል ብሎ ያዘው። መሳይ ልሸጣት አልገዛኋትም አለ። አብደላ እንደሚያውቁት መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ ለእሱ ከቶዮታ ሌላ መኪና አልተሠራም። የኮሮላ ዕቃ ሸቤም ብትሄድ ከሳሙናና ከቲማቲም መሃል ይገኛል አለና ሁሉንም አሳቀ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ማሎ፣ እባክዎ አጎቴ፣ አዲስ መኪና እኔም እወዳለሁ። ሽታው ራሱ ደስ ይላል። ግን የምኖርበት አንድ ሥራ ነው ያለኝ። መኪናው አንድ ሳምንት ከቆመ የአምስት ልጆች እናቶች ሌላ ሰው ይፈልጋሉ፣ እኔም ባዶ እጄን እቀራለሁ። ስለዚህ ጓደኞቼ የሚያውቁትን፣ ኢርፋን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታውን መኪና ነው የምገዛው።

የመኪናዋን ባለቤት ያልጻፍኩልዎት ደስ እንዲልዎት ለመጨረሻ አቆይቼው ነው። የአብደላ ነጭ ኮሮላ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት እርስዎ ሰምተው ያስገዙት። ስንነጋገር ስለ ሞተሩም ስለ ጎማውም ምንም አላለኝ፤ ኮፈኑን በእጁ መታ መታ አደረገና “ኑሪ የሰማት ናት” አለኝ። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን እጠይቃለሁ? ከሕፃናቱ እናቶች ሁለቱ በመኪና መምጣቴን ሲፈሩ ነበር፤ ይህንኑ ስነግራቸው እሺ አሉ። ርክክቡ እሑድ ጥቅምት 16 ነው። ባጃጄን የፊታችን ቅዳሜ ገዢዋ ይወስዳታል። አሁን መምጣትዎም አያስፈልግም፣ “አዎ አስታውሳታለሁ” የምትል አንድ መስመር ትበቃኛለች።

ደግሞ ማክሰኞ ስደውል አክስቴ አንስታ ወጥተዋል አለችኝ። ከኋላዋ ሲያስሉ ሰማሁዎት። አስቀይሜዎት ከሆነ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ሳቢሃ


ሸቤ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሳቢሃ፣

ሰላምታዬን ባጭሩ ተቀበይኝ። ያቺን መኪና አትግዢ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ይህ ሳይደርስሽ ባጃጅሽን አስረክበሻት እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ካላስረከብሽ አታስረክቢ።

አዎ፣ መኪናዋን አስታውሳታለሁ። ግን ሁለት ዓመት ረጅም ነው፣ ያኔ የነበረ ጤና ዛሬ ላይኖር ይችላል። ነጭ ቀለም ደግሞ ለጊንጆ ጭቃ አይሆንም። የዚያ ዓመት ስሪት ዘይት ትጠጣለች የሚሉም አሉ። የጻፍኩትን ሳነበው ራሴንም አላሳመነኝም፤ አንቺን ደግሞ በእጄ አሳድጌሻለሁና በዚህ እንደማትታለይ አውቃለሁ። ቢሆንም አትግዢ።

እምቢ ካልሽ ቢያንስ የምነግርሽን አድርጊ። ከኢርፋን ማግኔት ተዋሺ። ቀለሙን እንዳይቧጥጥ በቀጭን ጨርቅ ጠቅልይውና በሮቹ ላይ፣ ከበሮቹ በኋላ ባለው ጎን ላይ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ቀስ እያልሽ አስኪጂው። ላሜራ ከሆነ ይይዝሻል። የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው፣ ተጋጭታ ተሞልታለች ማለት ነው። የኋላውን ኮፈን ክፈቺና ምንጣፉን ገልብጪ። ፋብሪካ የበየደው ነጠብጣብ ልክ እንደ ስፌት እኩል እኩል ይሄዳል፤ ሰው የበየደው ግን ይወላገዳል። በበሮቹ ክፍተት ጣትሽን አስገቢ፣ አንዱ ጋ የሚጠብ ሌላው ጋ የሚላላ ከሆነ ተነሺና ሂጂ። ይህን ስታደርጊ አብደላ ቢያወራሽ አትመልሺለት። እጅሽን እመኚ። ጆሮ ይሳሳታል።

ስልኩን በተመለከተ አላስቀየምሽኝም። አሞኝ ነበር።

አጎትሽ ኑሪ


ጅማ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። በቁጣ ስለምጽፍ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤዎ እሑድ ነው የደረሰኝ። ባጃጄ ቅዳሜ ሄዳለች። ገዢዋ ደግ ሰው ሆኖ እስከ ርክክቡ ድረስ ጠዋት ጠዋት ያከራየኛል፣ ከዚያ በኋላ ወደ አጋሮ ይዟት ይሄዳል።

ያዘዙኝን አደረግሁ። ማግኔቱን በሻሽ ጠቅልዬ ላቫጆው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ መኪናዋን እንደ በሽተኛ ዳበስኳት። የፊት በሮቹ ያዙ፣ የኋላ ግራው በርም ያዘ። ከኋላ ጎማው በላይ ስደርስ ማግኔቱ እጄ ላይ ልቅ አለና ወደቀ። ደግሜ አስጠጋሁት፣ ደግሞ ወደቀ። ምንጣፉን ልገልጥ ስል አብደላ መጣና እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። አልተቆጣም። እንዲያውም ያዘነልኝ መሰለኝ። “አጎትሽ የሰማትን መኪና በማግኔት ትፈትሻለሽ?” አለኝ። የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ማግኔቱን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። መኪናዋ ተበይዳ ከነበረ ያኔ ለምን ንጹሕ ናት አሉ? ንጹሕ ከነበረች ደግሞ አሁን ምን አገኛት? ከአብደላ ጋር ተጣልታችሁ ከሆነ ይንገሩኝ፣ በእናንተ ጠብ እኔ ለምን እጎዳለሁ? በልጅነቴ ጋራዥዎ ደጃፍ ቆሜ የአንድ ታክሲ ድምፅ ገና ከአዌቱ ድልድይ ሲመጣ ሰምተው “ሦስተኛዋ ካንዴላ ሞታለች” ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ሰው ዛሬ ጆሮ ይሳሳታል ሲለኝ ምን ልበል?

እሑድ ቀርቧል። መልስ ካላገኘሁ መኪናዋን እወስዳለሁ። ሰኞ ልጆቹን በእሷ ነው የማደርሳቸው። ምክንያት ከሌለዎት አትግዢ አይበሉኝ፤ ምክንያት ካለዎት ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ይንገሩኝ።

ሳቢሃ


ሸቤ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሳቢሃ፣

ቁጣሽ ልክ ነው። ምክንያት አለኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ አራተኛውን ፈድሊያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው ያስጨረሰችኝ።

እኔ አልሰማም። ጆሮው ትንሽ እንደሚያስቸግረው ሽማግሌ ዓይነት አይደለም፤ አልሰማም። መጀመሪያ የቀኝ ጆሮዬ ሄደ፣ ከዛሬ አራት ዓመት በፊት። የላሜራው መዶሻና የኮምፕሬሰሩ ጩኸት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲወስደው ቆይቶ ነው። በግራው ለጊዜው ሠራሁ። ከዚያ እሱም ተከተለ። ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው። ማክሰኞ ስትደውዪ ፈድሊያ ስልኩን ይዛ ስታናግርሽ አጠገቧ ነበርኩ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅሁም።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ግን ሰው መኪና ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ሻጩም ገዢውም ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ሳሳርፍ ወሬ ሁሉ ይቆማል። እኔ ሌላ ምን አለኝ? ትምህርት የለኝ፣ ሀብት የለኝ፣ የማውቀው ይህንኑ ነው። ይህንን ካጣሁ ሰው ደጄን አይረግጥም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እጅ ይበቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ። መሪውን ይዤ ንዝረቱን አዳምጣለሁ፣ ኮፈኑ ላይ መዳፌን አደርጋለሁ፣ ከዚያ ራሴን እነቀንቅና “ንጹሕ ናት” እላለሁ። አንዳንዴ ልክ ነበርኩ። የአብደላን ኮሮላ ያየሁ ቀን መሪው ላይ አንድ ነገር እጄን ነክቶኝ ነበር። ምን እንደሆነ ለማወቅ መስማት ነበረብኝ። ሰዎቹ ቆመው ይጠብቁኛል። ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚህም የከፋ አለ። ጅማን ለምን ተዉ ብለሽ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። መሐሙድ የሚባል የሸቤ ገበሬ አለ። ቡናውን ሸጦ ፒክአፕ ሊገዛ ከአምስት ዘመዶቹ ጋር ጋራዤ መጣ። መስኮቱን ከፍቼ ነዳኋት። የኋላ ጎማዋ ኩሽኔታ እያለቀ ነበር፤ እንዲህ ያለ ኩሽኔታ መንገድ ላይ ያለቅሳል፣ ጤነኛ ጆሮ ያለው ሕፃን ይሰማዋል። እኔ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ብቻ ተሰማኝ። ንጹሕ ናት አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ከሰቃ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ጎማዋ ወልቆ መኪናዋ ተገለበጠች። የመሐሙድን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ጋራዡን በሳምንቱ ዘጋሁ። እዚህ የመጣሁት ልነግረው ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣ አልነገርኩትም። ፈድሊያ እንደምትነግረኝ ሰው ሁሉ ፊት የሚለው አንድ ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው፣ መኪናዋ እንኳ ንጹሕ ነበረች፣ ኑሪ ራሱ ሰምቷታል ይላል። ስሜን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው።

ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ያን መኪና እሑድ እንዳትረከቢ። እናቶቹ ልጆቻቸውን የሚሰጡሽ በእኔ ጆሮ ተማምነው ከሆነ፣ ያ ጆሮ የለም። እሑድ ላቫጆው ላይ ሁሉም ይኖራሉ። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ የመሐሙድንም ሳትዘይ። ላለፉት አራት ዓመታት እኔ ሰምቼ የገዛ ሁሉ መኪናውን ያስመርምር። እኔ ራሴ ብመጣ የሚመልሱልኝን አልሰማም።

አጎትሽ ኑሪ


ጅማ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይቅርታ የምጠይቅዎት እኔ ነኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው ይንገሩኝ ብዬ ጽፌልዎታለሁና። ደብዳቤዎን አርብ ተቀብዬ እስከ እሑድ ምግብ አልበላሁም ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ልመጣ የኩመራ ሚኒባስ ላይ ተሳፍሬ ሁለት ጊዜ ወረድኩ። ያዘዙኝ ሌላ ነበርና።

አነበብኩላቸው። ሁሉም ነበሩ፤ አብደላ ቁልፉን ይዞ፣ መሳይ፣ ኢርፋን፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ቪትዝ ወዳዶች፣ ኩመራም ሚኒባሱን እያሳጠበ። ማንበብ ስጀምር ውኃውን ዘጉት። “እኔ አልሰማም” የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። የሚደነግጡ መስሎኝ ነበር። አንድም ሰው አልደነገጠም።

ያውቁ ነበር፣ አጎቴ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ከኋላዎ ሲጠሩዎት ዞር እንደማይሉ ካዩ ቆይተዋል። ላያሳፍሩዎት ብለው መኪናውን መጀመሪያ ወደ እርስዎ ያመጣሉ፣ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ንጹሕ ናት ሲሉ ያመሰግናሉ፤ ከዚያ በጓሮ በኩል ኢርፋን ጋ ወስደው ያስፈትሻሉ። ከጅማ ሰው ሁሉ ይህን ሥርዓት ያላወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ። አብደላም ኮሮላዋ ከኋላ ተመትታ እንደተበየደች ከገዛት በሳምንቱ አውቋል። ለምን ልትሸጥልኝ ነበር ስለው ከተማ ውስጥ ቀስ ብለው ከነዷት ምንም አትሆንም ብዬ ነው አለ። ቀጥሎም “የኑሪን የእህት ልጅ ሰው ፊት ኑሪ አልሰማትም ልበላት?” አለኝ። እውነቱን ነው የተናገረው፣ እንደዚያ አስቦ ነው። ጨዋነታቸው አምስት ሕፃናት ይገድል ነበር።

ከሸቤ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ የሚመጣው ሰው ግን በጓሮ በኩል እንደሚኬድ ማን ይንገረው? የእርስዎን ቃል ይዞ በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። የመሐሙድን ሳነብ ኢርፋን ተቀመጠ። የዚያን ቀን ከጋራዥዎ ፊት ለፊት ዘይት ሲለውጥ እንደነበር፣ ፒክአፗ ስትወጣ ኩሽኔታው ሲያለቅስ በጆሮው እንደሰማው ነገረን። “መንገዱን ተሻግሬ አንድ ቃል ብናገር ሽማግሌው ያፍራሉ ብዬ ዝም አልኩ” አለ። እኔ ግን አልቅሻለሁ፣ በንዴት።

ኢርፋን ከገጠር ለሚመጣ ሁሉ በነፃ ሊመረምር ነው፣ መሳይ ስም መመዝገብ ጀምሯል። አብደላ ኮሮላዋን በትኖ ለመለዋወጫ ሊያደርጋት ነው። ለእኔ አያስቡ። የባጃጄ ገዢ አንድ ወር ጨምሮልኛል፣ ከእናቶቹ ሦስቱ ይጠብቁኛል። መኪና ስገዛ ኢርፋን ከላይ እኔ ከሥር ሆነን ነው የምናያት፣ አዲስም ትሁን ያገለገለች።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። ኩመራ ሁሉንም ሰምቷል። ደግ ሰው ነው፣ ግን ሚኒባስ ነጂ ነው፤ እስከ ነገ ማታ ብቻ ዝም እንደሚል ማለልኝ። መሐሙድ ይህን ከተሳፋሪ ወሬ መስማት የለበትም። ይሂዱና ይንገሩት። እርስዎን አልጠላሁም።

ልጅዎ ሳቢሃ


ሸቤ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሳቢሃ፣

ደብዳቤሽን ኩመራ ሲሰጠኝ ፊቴን ማየት አልቻለም። ያውቁ ነበር ያልሽኝን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያየኝ፣ ስነቀንቅ ሲያመሰግነኝ፣ ሁሉም ለእኔ ሲል ሲዋሽ። ከዚያ ደግሞ የጀመርኩት እኔ መሆኔን አሰብኩና ንዴቱ በረደልኝ። ለኢርፋን ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ንገሪው።

ከአስር ሶላት በኋላ መሐሙድ ቤት ሄድኩ። ፈድሊያ አብሬህ ልሂድ ብላኝ ነበር፣ እሷ ፊት መናገር አልቻልኩም፣ ብቻዬን ነው የሄድኩት። ቡናውን ማድረቂያው ላይ አስጥቶ ክራንቹን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጦ ጥሬውን እየለቀመ ነበር። ሲያየኝ ደስ አለው፣ ክራንቹን ትቶ ሊነሳልኝ ሲል ያዝኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ኩሽኔታውን፣ መስኮቱን፣ ነፋሱን፣ ራሴን መነቅነቄን። ስናገር እጁ ቡናው ውስጥ ቆመ።

ከዚያ መናገር ጀመረ። ብዙ ተናገረ፣ ሳቢ። ፂሙ አፉን ስለሸፈነው ከከንፈሩ ማንበብ አልቻልኩም፤ ደግሞ እያየኝ ሳይሆን ቡናውን እያየ ነው የሚናገረው። አንድ ጊዜ እግሩን ነካ። አንድ ጊዜ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ሳቀ ወይስ አለቀሰ አላወቅሁም። ድገምልኝ ማለት አፈርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ የጨረሰን ሰው እንዴት ድገምልኝ ይሉታል? እጄ ላይ ምንም መሪ አልነበረም፣ የማደርገው ጠፋኝና ራሴን ነቀነቅሁ። አውቀው ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ከሆነ አዎ ብየዋለሁ ማለት ነው።

ሲጨርስ ክራንቹን አንስቶ ቆመ። ፊቴን አየ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገባ፣ በሩን አልዘጋውም። ይግቡ ይበለኝ ይሂዱ አላወቅሁም። ደጁ ላይ ብዙ ቆሜ ተመለስኩ። ይግቡ ብሎኝ ከነበረ ጥዬው ሄጃለሁ።

ነገ ጠዋት ፈድሊያን ይዤ እመለሳለሁ። ያለኝን ደግሞ እንዲናገር እሷ ትለምንልኛለች፣ ምንም ቢሆን ሳትቀንስ እንድትነግረኝ አስምያታለሁ።

አጎትሽ ኑሪ